ጎርፍ፣ ጉድጓድና ቦኖ፦ የጎንደር ዝቅተኛ ሰፈሮች ንጽህና ከየት ይጀመር?

ጎንደር የተቆረቆረችው በሁለት ወንዞች መካከል ባለ ጉብታ ላይ ነው። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ ይወርዳሉ፤ ሁለቱም ወደ ደቡብ ተጉዘው ከመገጭ ወንዝ ጋር ይቀላቀሉና መጨረሻቸው ጣና ይሆናል። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መናገሻቸውን ሲያቆሙ የመረጡት ከፍታ ለግንቡ ተስማሚ ነበር፤ ዝናብ በወረደ ቁጥር ውሃው ከግንቡ ሥር ሳይቆም ወደ ታች ይሸሻል። ከተማዋ ግን በጉብታው ላይ አልቀረችም። ሕዝቧ እየበዛ ሲሄድ ወደ ወንዞቹ ዳርና ወደ ገባር ሸለቆዎቻቸው ወረደች፤ ውሃ ለዘመናት ይመላለስበት በነበረው ቦይ አፍ ላይም ቤት ተሠራ፣ አጥር ታጠረ፣ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ተቆፈረ። ዛሬ በነዚህ ሰፈሮች የሚኖረው ሰው ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያስበው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ ስለሚገባበት ጎርፍ፣ ስለሚሞላበት ሽንት ቤትና ስለሚጠፋበት የቧንቧ ውሃ። ሦስቱን የሚመለከቱት የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ለየብቻ ናቸው፤ በነዋሪው ግቢ ውስጥ ግን ሦስቱም አንድ ችግር ናቸው።

ስለ እነዚህ ሰፈሮች ንጽህና ውይይት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ሐሳብ ተጨማሪ ሽንት ቤት መሥራት ነው። ሽንት ቤት ይብዛ የሚለውን የሚቃወም ሰው አይገኝም፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ይመስለኛል። ጎርፍ በሚገባበት መሬት ላይ፣ የሞላውን ጉድጓድ የሚያነሣ አገልግሎት ሳይኖር የሚጨመር እያንዳንዱ ሽንት ቤት፣ ሐምሌ ሲደርስ ወደ ጎረቤት የሚፈስ ተጨማሪ ጉድጓድ ነው። መጀመሪያ ውሃው የሚሄድበት መንገድ፣ ቀጥሎ ዝቃጩ የሚነሣበት መንገድ ሊዘጋጅ ይገባል፤ የሽንት ቤቱ ግንባታ ትርጉም የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

የዝናቡን መጠን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የጎንደር የዓመት ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ስለሆነ፣ 40 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ከባድ ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ 400 ሺህ ሊትር ይሆናል። ይህ እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ሊትር የሚይዙ 40 ቦቴዎች ውሃቸውን በአንድ ጊዜ እንደ መድፋት ነው። መሬቱ ሣር ወይም እርሻ ቢሆን ኖሮ ከፊሉ ይሰርግ ነበር፤ በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በተረገጠ ግቢና በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲወርድ ግን አብዛኛው ወዲያውኑ ይነሣና ቁልቁል ይሄዳል። ላይኛው ሰፈር ባማረ ቁጥር፣ ጣሪያውና ንጣፉ በበዛ ቁጥር፣ ታችኛው ሰፈር የሚደርሰው ጎርፍ ይጨምራል። የአንዱ ሰፈር ልማት የሌላው ጎርፍ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ኮብልስቶኑን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የድንጋይ ንጣፍ ብዙ መንደሮችን ከጭቃ አውጥቷል፣ ለወጣቶችም ሥራ ፈጥሯል። ችግሩ በብዙ ጠባብ መንገዶች ንጣፉ የተሠራው ከነባር ቤቶች ደፍ ከፍ ብሎ መሆኑ ነው። ቀድሞ ከደጃፍ ወደ መንገድ ይወርድ የነበረው ውሃ አሁን ከመንገድ ወደ ደጃፍ ይወርዳል። ነዋሪው መልሱን ያገኘው በራሱ ነው፤ በደፉ ላይ አንድ ወይም ሁለት ብሎኬት በሲሚንቶ ያስይዛል፣ የተረፈውን ቀዳዳ በአፈር በተሞላ ማዳበሪያ ይዘጋል። ያ ብሎኬት የእርሱን ቤት ያድንና ውሃውን ለሚቀጥለው ቤት ይሰጣል። መንገዱ ሲነደፍ የቤቶቹ ወለል ከፍታ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ብሎኬቱ አያስፈልግም ነበር።

ከንጣፉ ጎን የሚሄደው ዲች፣ ማለትም የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ክረምት ሊገባ ሲል ዘመቻ ይታወጅና ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል። ከዲቹ ውስጥ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ ይወጣል፤ የወጣው ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ዳር ላይ ይከመራል። የሚያነሣው መኪና ነገ ይመጣል ይባላል። ከመኪናው በፊት የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ ክምሩንም ወደ ወጣበት ይመልሰዋል። ዘመቻውን የሚተቹ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወቅሱት የሕዝቡን ቸልተኝነት ነው። እኔ ግን ሕዝቡ የድርሻውን ሠርቷል እላለሁ። የጎደለው የመኪናው ነዳጅና አሸዋው የሚደፋበት ቦታ ነው፤ ሁለቱም በዘመቻ አይገኙም።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንምጣ። በጎንደር ከተማ በአጠቃላይ የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር የለም፤ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፣ ሆቴሎችና አዳዲስ ሕንፃዎች ደግሞ ሴፕቲክ ታንክ አላቸው። ጉድጓድ በመሠረቱ መጥፎ ነገር አይደለም። ደረቅ በሆነና ጥልቅ አፈር ባለበት ቦታ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻ ሲጠቀምበት፣ ለዓመታት ያገለግላል። ከታች ባሉት ሰፈሮች ግን ይህ ሁኔታ የለም። በተዳፋቱ ላይ ከጥቂት ክንድ በኋላ አለት ይገኛል፤ በሜዳው ላይ ደግሞ ዋልካው በክረምት ውሃ ይዞ ይቀራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጉድጓዱ ወይ ጥልቀት የለውም ወይ ክረምቱን ሙሉ ከሥሩ ውሃ ይመላዋል። የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ ቆሻሻውም አብሮ ይወጣል፤ ጎርፍ ከላይ ባይገባ እንኳ ጉድጓዱ ከታች ይሞላል።

በነባር ሰፈሮች ላይ የተጠቃሚው ብዛት ይጨመርበታል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በወጣ ጊዜ ብዙ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ትልልቅ ግቢዎች ተከፋፍለው ለብዙ ቤተሰብ ተከራዩ፣ ሽንት ቤቱ ግን የድሮው አንዱ ሆኖ ቀረ። በእንዲህ ያለ ግቢ ስድስት ቤተሰብ፣ በእያንዳንዱ ቤት አምስት ሰው ቢኖር ተጠቃሚው 30 ሰው ነው። ባለሙያዎች ለስሌት እንዲመቻቸው አንድ ሰው በዓመት ከ40 እስከ 60 ሊትር ዝቃጭ በጉድጓድ ውስጥ ያጠራቅማል ብለው ይወስዳሉ። በ60 ሊትር ብናሰላ ሠላሳው ሰው በዓመት 1,800 ሊትር ያጠራቅማል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ጫፉ ላይ ግማሽ ሜትር ክፍት ሲተውለት 2,500 ሊትር ይይዛል። በአንድ ዓመት ከአምስት ወር ገደማ ሞላ ማለት ነው። የኪራይ ቤት በመሆኑ ተከራዩ በራሱ ገንዘብ አያድሰውም፤ አከራዩ ቀበሌም ከሚሰበስበው ትንሽ ኪራይ ለጥገና የሚተርፈው የለም። ስድስቱ ቤተሰብ ገንዘብ ለማዋጣት ሲስማማ አምስቱ ከፍሎ አንዱ ሲቀር ነገሩ ይፈርሳል። በኪራይ ግቢ የኖረ ሰው ይህን ጉዳይ በደንብ ያውቀዋል፤ በሩ ላይ ያለው ቁልፍ ለማን ይሰጥ፣ እንግዳ ሲመጣ ማን ያጽዳ የሚለው ጭቅጭቅ የግቢውን ፍቅር ያቀዘቅዛል። የውሃና የንጽህና አገልግሎት የሚመዘንበት ዓለም አቀፍ መለኪያም ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር በጋራ የሚሠራበትን ሽንት ቤት፣ አሠራሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ፣ ከመሠረታዊ አገልግሎት በታች ነው የሚመድበው።

የሞላ ጉድጓድ ምን ይደረግ? መጣጭ መኪና ይጠራ ቢባል መኪናው መንገድ ይፈልጋል። ቱቦው ከ30 እስከ 60 ሜትር ድረስ ቢዘረጋም፣ ከወንዝ ዳር ባለ መንደር ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያልፍበት መተላለፊያ ጀርባ ያለውን ግቢ አይደርስበትም። ቢደርስም ጉድጓዱ ውስጥ የተጣለው ጨርቅ፣ ፌስታል፣ ሞዴስና የሕፃን ዳይፐር አፉን ይደፍነዋል። ክፍያው ደግሞ ታንከሩ እስኪሞላ የሚታሰብ በመሆኑ ትንሽ ጉድጓድ ያለው ሰው ለማይጠቀምበት ታንከር ይከፍላል። በመጨረሻ የሚቀረው ዘዴ ሁሉም የሚያውቀውና ማንም የማይናገረው ነው። በጉድጓዱ ጎን ከታች በኩል ቀዳዳ ይተዋል፣ በድንጋይና በጨርቅ ይደፈናል፤ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ሌሊት ድፍኑ ይነሣል። ጎርፉ የመጣበትን ሁሉ ጠርጎ ወደ ወንዙ ይወስደዋል፤ ጠዋት ዲቹ የታጠበ ይመስላል። ነዋሪውን በዚህ መቅጣት ቀላል ነው። ነገር ግን ሌላ ምርጫ ያልተሰጠውን ሰው መቅጣት ቀዳዳውን ከማራቅ በቀር ለውጥ አያመጣም። ከወንዙ በታች በደምብያ ሜዳ የመገጭን ውሃ ለመስኖና ለቤት የሚጠቀም ገበሬ አለ፤ ጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭም ከእርሻም ሆነ ከከተማ የሚወርደውን ንጥረ ነገር ምግቡ ያደርገዋል።

ለዚህ ክፍል መፍትሔው የሚገኘው በትንንሽ መሣሪያዎች ነው። የካምፓላ ዝቅተኛ ሰፈሮች ልክ እንደ እኛዎቹ ጎርፍ የሚገባባቸውና መኪና የማይገባባቸው ናቸው። እዚያ የተደራጁ ወጣቶች ጋልፐር የሚባል፣ በእጅ የሚሠራ ቀላል ፓምፕ ይጠቀማሉ። ፓምፑ ከጉድጓዱ የላይኛውን አንድ ሜትር ያህል ዝቃጭ ስቦ ወደ በርሜል ያስገባል፤ በርሜሎቹ በጋሪ ወይም በትንሽ መኪና ወደ ሰፊ መንገድ ይወጣሉ፣ ከዚያ ትልቁ መኪና ይረከባቸዋል። ሥራው ንጹሕ አይደለም፤ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ ክትባትና ጥሩ ክፍያ ይፈልጋል። ግን ለጎንደር አዲስ ነገር አይሆንባትም። የደረቅ ቆሻሻ በየቤቱ እየዞሩ የሚሰበስቡ የወጣቶች ማኅበራት ለዓመታት አሉ፤ የሚሠሩበትን ደንብ፣ የሚከፈላቸውን ክፍያና ዝቃጩን የሚያደርሱበትን ቦታ ማበጀት ነው የቀረው።

ለዝቃጩ የሚሆን ማድረቂያ መደብ ካልተዘጋጀ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ቆሻሻውን ከጉድጓድ ወደ ገደል ማዛወር ይሆናል። በዚህ ረገድ የጎንደር አየር ጥሩ አጋዥ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ በአብዛኛው ደረቅና ፀሐያማ ስለሆነ፣ ከሥሩ ጠጠርና አሸዋ የተነጠፈበት፣ ፍሳሹ ተጣርቶ የሚወጣበት ቀላል መደብ ዝቃጭን በሳምንታት ውስጥ ያደርቃል። በሐምሌ ያው መደብ አይሠራም። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታየው ጉዳይ ይመጣል፤ ጉድጓድ የሚነሣው ሲሞላ ሳይሆን ክረምት ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት። ነዋሪው መጣጭ መኪና የሚፈልገው ሐምሌ ላይ ጉድጓዱ ሲያፈስ ነው፣ በዚያ ጊዜ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መደብ አይደርቅም፣ ጎርፉ ደግሞ በነፃ ይወስዳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በሰፈር እየተመደበ፣ ዋጋውም በዚያ ወቅት ቀንሶ ቢሰጥ የክረምቱ ግማሽ ችግር ይቀላል።

አሁን ስለ ሽንት ቤቱ ግንባታ መናገር ይቻላል። ጎርፍ በሚደርስበት ቦታ የሚሠራው ወለሉ ባለፉት ክረምቶች ውሃው በግድግዳ ላይ ከተወው ምልክት በላይ ከፍ ማለት አለበት፤ ጉድጓዱም ጥልቅ ከመሆን ይልቅ አነስተኛ ጥልቀት ኖሮት በግንብና በሲሚንቶ የታሸገ፣ በመፈራረቅ የሚያገለግሉ ሁለት ክፍሎች ያሉት ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ሲሞላ ተዘግቶ ይቆያል፣ ሌላው ይሠራል። ከፍ ያለ ወለል ደረጃ ይፈልጋል፤ ደረጃ ደግሞ ለአረጋዊ፣ ለእርጉዝና ለአካል ጉዳተኛ ፈተና ስለሚሆን መያዣ ብረትና ዘንበል ያለ መውጫ የግንባታው አካል እንጂ ተጨማሪ ቅንጦት ተደርጎ መታየት የለበትም። መብራትና ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያም እንዲሁ። ማታ ወደ ግቢው ጫፍ ለመሄድ የምትፈራ ሴት ሽንት ቤት አላት ማለት አይቻልም።

ስለ ውሃ አቅርቦቱ ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ የማነሣው ከጎርፍ ጋር የሚነካካውን ብቻ ነው። ከተማዋ ለዓመታት የኖረችው በአንገረብ ግድብና በጉድጓዶች ነው። ግድቡ ከበላዩ ካለው የተራቆተ ተፋሰስ በየክረምቱ በሚወርደው ደለል የመያዝ አቅሙን ሲያጣ ቆይቷል፤ ጎርፉ ከላይ አፈር ወደ ግድቡ፣ ከታች ቆሻሻ ወደ ወንዙ ያስገባል። የመገጭ ግድብ ተስፋ ተጥሎበት ለረጅም ዓመታት ሲጓተት ነዋሪው በፈረቃ ውሃ ለመኖር ተገድዷል። የመንግሥት የራሱ መለኪያ ምን ይል እንደነበር ማስታወስ ይገባል፤ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተተገበረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100 ሺህ በላይ ነዋሪ ላላቸው፣ ከሚሊዮን በታች ለሆኑ ከተሞች የተቀመጠው ደረጃ በሰው በቀን 80 ሊትር ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት ይህ 400 ሊትር፣ ማለትም ሃያ ጀሪካን ነው። ከቦኖ ወይም ከጎረቤት ቀድቶ የሚኖር ቤተሰብ በቀን ሃያ ጀሪካን የሚሸከምበት ጉልበትም ጊዜም የለውም፤ በጥቂት ጀሪካን ይኖራል፣ የሚቀንሰውም መጀመሪያ እጅ መታጠቢያውን ነው።

ፈረቃ ግን ከማነስም የከፋ ጉዳት አለው። ቧንቧ ውሃ ሞልቶ ሲጫን፣ ስንጥቅ ቢኖረው ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ውሃው ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ይጠፋና ቧንቧው በተራው ከውጭ ይስባል። በዝቅተኛ ሰፈሮች ብዙ የቤት መስመሮች በዲች ውስጥ ወይም በዲች ሥር ያልፋሉ። ዲቹ የተለቀቀ ጉድጓድ ይዞ ሲሄድ፣ በውስጡ ወይም በሥሩ የተኛው የተሰነጠቀ ቧንቧም ባዶ ሲሆን፣ ነገ ጠዋት ፈረቃው ሲደርስ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውሃ ለመጠጥ አለመቅዳት፣ የተቀዳውንም በክሎሪን ማከም የሚመከረው። ውሃ አጋር የሚባለው የክሎሪን ማከሚያ በየፋርማሲውና በየሱቁ ይታወቃል። የደፈረሰ ውሃ ግን ክሎሪኑን ይበላዋል፤ አስቀድሞ ማስተኛት፣ በንጹሕ ነጠላ ማጥለልና ከጨመሩ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል። ይህ ለአንድ ክረምት የሚሆን ማስታገሻ ነው። ዘላቂው ነገር ቧንቧዎቹን ከዲች ማውጣት ነው፤ ከአዲስ ግድብ ጋር ሲነጻጸርም ወጪው ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ ስላልሆነ ይዘገያል።

ዋጋውም ፍትሐዊ አይደለም። ካርታ የሌለው ቤት በራሱ ስም ቆጣሪ ማስገባት ይቸገራል፤ ስለዚህ የጨረቃ ቤት ነዋሪ ከጎረቤት በጀሪካን ይገዛል። ታሪፉ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የሚጨምር በመሆኑ አሥር ቤተሰብ የሚቀዳበት አንድ ቆጣሪ በከፍተኛው እርከን ላይ ይወድቃል። ሀብታሙን ቆጣቢ ለማድረግ የታሰበው እርከን ደሃውን ከሁሉም በላይ የሚያስከፍል ሆኖ ያርፋል። የጋራ ቆጣሪዎች በተጠቃሚው ቤተሰብ ቁጥር ተካፍለው እንዲታሰቡ ማድረግ አንድ የውስጥ መመሪያ ከማሻሻል ያለፈ ሥራ አይጠይቅም።

ውጤቱ በጤና ተቋማት ይታያል። ኮሌራ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በባሌ በኩል ዳግም ከተነሣ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ በርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ተከስቶ ነበር። ከየአቅጣጫው የሚመጣና የሚመለስ ሰው ያላት ጎንደር ከእንዲህ ያለ ነገር የራቀች አይደለችም። በቅርብ ዓመታት ግጭት ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች ርካሽ ክፍል ፍለጋ የሚገቡት በነዚሁ ሰፈሮች ነው፤ ቀድሞ ለሠላሳ ሰው ያልበቃው ጉድጓድ አሁን ከዚያ በላይ ያስተናግዳል።

ከሌላ አገር ምን እንማር ከተባለ በካራቺ ከተማ ኦራንጊ በተባለው ሰፈር በ1972 ዓ.ም. ገደማ በአክታር ሐሚድ ካን አነሣሽነት የተጀመረው ሥራ ይጠቀሳል። እዚያ ከሃያ እስከ አርባ የሚሆኑ ቤቶች ያሉት አንድ መተላለፊያ ተደራጅቶ የራሱን የሰፈር መስመር በራሱ ገንዘብና ጉልበት ይሠራል፣ ድርጅቱ ቅየሳና ምክር ይሰጣል፣ ዋናውን ሰብሳቢ መስመርና ማጣሪያውን መንግሥት ይረከባል። ይህ የሥራ ክፍፍል ለእኛ ባዕድ አይደለም። እድር ያለው፣ የብሎክ አደረጃጀት የለመደ ሰፈር ከመተላለፊያው ስፋት የሚበልጥ ሥራ ተስማምቶ መሥራት ይችላል። ይሁን እንጂ መስመሩን እንዳለ መቅዳት ስሕተት ይሆናል። በቱቦ የሚሄድ ዓይነ ምድር የሚገፋው ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንዲህ ያለ ቱቦ ብዙም ሳይቆይ ይደፈናል። በብራዚል ከተሞች የተስፋፋው በየጓሮው የሚያልፍ ቀጭን መስመርም የሚሠራው ቧንቧው ሁልጊዜ ሲወርድ ነው። ጎንደር ከኦራንጊ የምትወስደው ቱቦውን ሳይሆን ክፍፍሉን ነው፤ ግቢውና መተላለፊያው የነዋሪው፣ ከመተላለፊያው አፍ እስከ ወንዝ ያለው የከተማው። በመተላለፊያው ውስጥ የሚሠራው መስመር ለጊዜው የልብስና የዕቃ እጣቢን ብቻ ቢወስድ እንኳ ጉድጓዶቹ ከእጣቢ ስለሚድኑ ቀስ ብለው ይሞላሉ።

ይህ ክፍፍል የሚጸናው ነዋሪው ነገ አልነሣም ብሎ ሲያምን ነው። በኦራንጊም ሰው ገንዘቡን ያወጣው መሬቱ አይወሰድብኝም ብሎ ስላመነ ነው። በእኛ በኩል ከኮሪደር ልማቱ ጋር የወንዝ ዳር ነዋሪ ስጋት ውስጥ ነው፤ ይፈርሳል ተብሎ የሚጠበቅ ቤት ሽንት ቤት አይታደስለትም። በወንዙ አንጀት ውስጥ ያለ፣ ውሃ በየዓመቱ ጣሪያው ሥር የሚደርስበት ቤት መነሣት አለበት፤ በዚህ ላይ መከራከር ሕይወትን ማቃለል ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን ባለበት መሻሻል የሚችል ነው፤ በቅዳሜ ገበያ ተሸክሞ፣ ቸርችሮ፣ ልብስ አጥቦ የሚያድር ቤተሰብ ወደ አዘዞ ሜዳ ሲዛወር የሚያጣው ቤቱን ብቻ አይደለም። የሚነሣውን ከሚቆየው የሚለየው ወሰን በጥናት ተለክቶ በግልጽ ቢነገር፣ ማን ይነሣል ማን ይቆያል የሚለው በወሬ ሳይሆን በካርታ ቢታወቅ፣ የሚቆየው ሰው ሲሚንቶ መግዛት ይጀምራል። ኮሪደሩ ራሱ መልካም አጋጣሚ ነው፤ መንገዱ በተቆፈረበት ጊዜ ለታችኛው ሰፈር ጎርፍ የሚበቃ ቱቦ ካልተቀበረበት እንደገና ለመቆፈር አሥር ዓመት ይጠበቃል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጎንደር ከሌሎች ከተሞች የተለየ ሀብት አላት። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተውና የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በደምብያ ከደረሰው የወባ ወረርሽኝ በኋላ የተቋቋመ ሲሆን የጤና መኮንንን፣ የኮሙኒቲ ነርስንና ሳኒታሪያንን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ወረዳ ይልክ ነበር። ሐኪሙ ከውሃ ምንጩ፣ ነርሷ ከጉድጓዱ ተለይተው አልተማሩም። ያ የቡድን አሠራር ለአገር የተረፈው ከዚች ከተማ ነው። ዛሬ በከተማዋ ውስጥ ቆጣሪውን የሚያነበው፣ ዲቹን የሚገነባው፣ ቆሻሻውን የሚያነሣውና ተቅማጡን የሚመዘግበው ለየብቻ ሲሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ የጋራ ካርታ የለም። የት ቦታ ጎርፍ ይገባል፣ የት ጉድጓድ ይፈሳል፣ የትኛው ቧንቧ በዲች ያልፋል፣ በሐምሌ የትኛው ቀጠና ብዙ ሕፃን ታመመ የሚለው በአንድ ወረቀት ላይ ቢሰፍር፣ ሥራው ከየትኛው መተላለፊያ እንደሚጀመር ለመወሰን ስብሰባ አያስፈልግም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በአንድ በጋ ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው።

ቀሪው የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው፤ ሳስበው ከሁሉም በላይ የሚያግደን እርሱ ይመስለኛል። የአገሪቱ በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ይህም ጎርፉ በጣም በሚበረታበት ጊዜ ነው። በጀቱ ተፈቅዶ፣ ዕቅዱ ጸድቆ፣ ጨረታው ወጥቶ አሸናፊው እስኪለይ ክረምቱ ያልፋል፤ ጎርፉም ከአጀንዳ ይወጣል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ፣ ዲች ሊጠረግና ጉድጓድ ሊነሣ የሚገባበት ጊዜ ሲመጣ፣ ገንዘቡ ለሌላ ውሎ አልቋል ወይም የዓመቱ መዝጊያ ጥድፊያ ውስጥ ገብቷል። ከየዘርፉ በጀት ላይ ለዲች ጠረጋ፣ ለአሸዋው ማጓጓዣ፣ ለመጣጭ መኪና ድጎማና ለማድረቂያ መደቡ የሚሆን ድርሻ ከሐምሌ ጀምሮ ተለይቶ ለበልጉ ወራት ቢታሰር፣ ጨረታው በጥቅምት ሊወጣ፣ ውሉ በጥር ሊፈረም፣ ሥራውም በግንቦት አጋማሽ ሊያልቅ ይችላል። አሁን ባለው አሠራር ይህን የሚከለክል ሕግ የለም፤ የሚያስፈልገው የከተማው ምክር ቤት በጀቱን ሲያጸድቅ ወሩን አብሮ እንዲጽፍበት ነው።